የአባትህ «ኖር»

ለምወድህ ልጄ ለእንደሻው፦

ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? እኔ እናትህ፣ ለእመቤቴ ምስጋና ይግባትና፣ ከአሰላ ብርድ በቀር የሚነካኝ የለም። ጎበሳ ላይ ርዕሰ መምህር ሆነህ ስለተሾምክልኝም ተመስገን ብዬ አልጠግብም።

ኢተያ ያለው ስንዴያችን በደህና ገባ። ዝናቡ ሲያስፈራራ ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን አጨዳ ትቶ ለእኛ ደረሰልን። አባትህ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሳሉ፣ ዘበኛው እንኳ ሲገባ ከወንበራቸው ተነስተው «ኖር!» ይሉ ነበር። ይኸው ሞተውም ሰው ይነሳላቸዋል።

መምህርት ሮሐ እሁድ ከጎበሳ መጥታ ጠየቀችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ሳትሾም በፊት አብራችሁ ስታስተምሩ ስለ አንተ አውርታ አትጠግብም ነበር። አሁን «ልጄስ እንዴት ነው?» ብላት «ደህና ናቸው» አለችና የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትል ጀመር። ወደ ጮሌ ለመዛወር አመልክታለች። ምክንያቱን አልጠየቅኳትም፤ አንተንም አልጠይቅህም።

ብርዱ እንዳይጎዳህ ጋቢ ፈትዬ አሠርቼልሃለሁ፤ የምታደርስልህ እሷ ናት።

የአባትህ አምላክ ይጠብቅህ። ለባልደረቦችህ ሁሉ፣ ለዘበኛውም ጭምር፣ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርስልኝ። ሮሐም ጋቢውን ይዛ ቢሮህ ስትገባ፣ ልጄ፣ ብድግ ብለህ ተቀበላት።

ናፋቂህ እናትህ
ተናኘወርቅ