ደቦ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ ዲላ

ዛሬ ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ይዞ ከኋላ ተቀምጦ ሲገመግመኝ ነው ያስተማርኩት። ትምህርቱ እንግሊዞች ለእንስሳት መንጋ የሚሰጡት ስም ነበር፤ ለንብ ስዋርም፣ ለአንበሳ ፕራይድ። ከቡና አብቃዩ ኢዲዶ ቀበሌ የምትመጣው ተማሪዬ ብርቱካን እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ተጠራርተው ቡና ለሚለቅሙ ሰዎችስ?"

"ግሩፕ" አልኳት።

"ግሩፕማ ቆሞ የሚያወራም ነው።"

እውነቷን ነው። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ደቦ" ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልፈራሁም።

ከክፍል ስንወጣ ሱፐርቫይዘሩ "መጽሐፉ ላይ የለም እኮ" አለኝ።

"መጽሐፉ ቡና ለቅሞ አያውቅማ" አልኩት።

ሳቀና "እኔም ወናጎ ማሳ አለኝ፤ በደቦ ትመጡልኛላችሁ?" አለ።

"መጀመሪያ ቅዳሜ እነ ብርቱካን ጋ ደቦ አለ፤ ይምጡ።"

ቅጹ ላይ ምን እንደሞላ አላውቅም። ቅዳሜ ግን ቅርጫቱን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል።