አንድ ባልዲ ከማዳበሪያው

ሰኞ

አረንጓዴ! ረቡዕ ጥዬው ስሄድ ወለሉ ቁልጭ ብሎ ይታይ የነበረ ገንዳ፣ ዛሬ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መስሎ ጠበቀኝ። አራት ቀን ቦዲቲ ለቅሶ ተቀምጬ ብመለስ ይኸው። በዚህ ሆቴል የዋና ገንዳው ኃላፊ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ «ቅዳሜ ሠርግ አለ፤ ሙሽሮቹ እዚህ ዳር ፎቶ ይነሣሉ። ካልጠራ አንድ ሰው ይባረራል» አለኝ። እንዴት አደርሽ እንኳ የለም!

ለካሁ። ፒኤች ከስምንት በላይ። ክሎሪን ዜሮ። እንግዲህ መጀመሪያ ፒኤቹን የሚያወርደው አሲድ፣ ከዚያ ግድግዳውን መፈተግ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ክሎሪን። በፀሐይ ከተጨመረማ ተንኖ ይቀራል።

ማክሰኞ

ፒኤቹ ወርዷል፣ ጥሩ። ትናንት የጨመርኩት ክሎሪን ግን የለም! የመመርመሪያው ውሃ ሮዝ መሆን ሲገባው ጭራሽ ቀለም አልያዘም። እጥፍ ጨመርኩ። ወዲያው መብራት ሄደና ፓምፑ ቆመ። ጀነሬተሩ ለፍሪጅ ብቻ ነው አሉኝ። ቆሽቴ አረረ።

ረቡዕ

ዛሬም ዜሮ። ሽታው ደግሞ ዓይን ያቃጥላል። ማን ይጠጣዋል ይሄን ሁሉ ክሎሪን?

ሥራ አስኪያጁ መጣ። «አንቺ በሌለሽበት ማን ነካው?» «ጋሽ ዳናን ክሎሪን ይጨምሩ ብዬ በስልክ አዝዣለሁ። እሳቸውን ይጠይቁ» አልኩት። አትክልተኛችን ናቸው፣ ትልቅ ሰው። ጭራሽ ረስተውት ይሆናል። ሳራቸው ሲሆን ግን አንድ ቀን አይረሱም!

ሐሙስ

«ጨምረዋል አልጨመሩም?» ብዬ ጋሽ ዳናን አፋጠጥኳቸው።

«ጨመርኩ እንጂ! አንድ ባልዲ ሙሉ። ለውሃዋ ደግሞ ምን ያደርግላታል ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

መጋዘን ይዘውኝ ገቡ። በሩ አጠገብ የሳሩ ዩሪያ። ከኋላው፣ በርሜሉ ሲሰነጠቅ ክሎሪኑን የገለበጥኩበት ማዳበሪያ። ሁለቱም ነጭ።

«ነጩን፣ ከማዳበሪያው አንድ ባልዲ ይጨምሩ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ፣ ሳይቆጡ።

ነኝ። እኔ ማዳበሪያ ያልኩት ጆንያውን ነው። ለአትክልተኛ ግን ማዳበሪያ ያው ማዳበሪያ ነው! ውሃውን ያረነገደውን አልጌ በስልክ ቀለብ ሰፈርኩለት፤ ክሎሪኔንም ሦስት ቀን ሙሉ ያ ዩሪያ ሲበላው ከረመ። አፌን ከፍቼ «ክሎሪን» ብል ምን ነበረበት? ደደብ!

ወደ ቤት ልወጣ ስል ጸሐፊዋ ነገረችኝ። የጋሽ ዳና ማሰናበቻ ደብዳቤ ተጽፏል።

ዓርብ

እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። በጠዋት ቢሮ ገባሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ረቡዕ ለምን እሳቸውን አልሽ?»

«ክሎሪን ብያለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው፤ ያልኳቸው ‹ከማዳበሪያው› ነው» አልኩት።

ደብዳቤውን አነሣና «ግድ የለም፣ ስም መቀየር ነው» አለ። እንዲህም ይቀለዳል!

ከግማሽ በላይ ውሃ አፈሰስን። አዲስ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ስንት ጊዜ ተመላለሰ መሰለህ፣ ማስታወሻዬ! ጋሽ ዳና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገብተው ግድግዳውን ሲፈትጉ ዋሉ። ፀሐይ ስትገባ ክሎሪን ጨመርኩ፣ በገዛ እጄ፣ ሁለቴ አሽትቼ።

ቅዳሜ

ሮዝ! ሮዝ ሆነ! ውሃው ገና ደብዘዝ ይላል፣ የወለሉ ማፍሰሻ ግን ይታያል። ሙሽሮቹ ፎቷቸውን ተነሡ፤ ማንም ምንም አላለም። ሥራ አስኪያጁ በአጠገቤ ሲያልፍ «ሰኞ ቢሮ ነይ» ብቻ አለኝ። እንግዲህ ሰኞ ይለይልኛል።

ጋሽ ዳና መቀሳቸውን ይዘው መጡ። «ሰኞ አብሬሽ እገባለሁ።»

«ገብተው ምን ሊሉ?»

«ጆሮዬ ደክሟል፣ ስልክ አልሰማም እላለሁ።»

ጆሯቸው? ከአጥር ማዶ ፍየል ሳር ስትግጥ የሚሰሙ ሰውዬ! «እንዳይሉ! አንድ ውሸት ይበቃኛል፣ ሌላ እንዳይጨምሩብኝ!» ብዬ ሚዜዎቹ ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ ጮህኩባቸው። ከዚያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን ለቀቅኩት።

ጎንበስ ብለው አዩኝና «አሁን ደግሞ ጨው ልትጨምሪባት ነው?» አሉኝ።