ሐሙስህ ረቡዕ ማታ ደረሰ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ወንበር ሞልቷል፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። እማዬ «እንዳትነግሪው፣ ባሕር ላይ ሆኖ ይጨነቃል» ብላ አስምላኝ ነበር። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ፤ ዛሬ ጠዋት ለልብ ኦፕራሲዮን አስገብተዋታል። ገና አልወጣችም።

ተኳርፋችሁ ከሄድክ ወዲህ ድምፅህን ሰምታ አታውቅም። እናም «ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሥራ ሳልገባ እደውልላታለሁ» የሚለው መልእክትህ ሲደርሳት ፊቷ በራ። «ልክ ኦፕራሲዮን ሳልገባ!» አለች።

እኔ ግን ቀኑን ተጠራጠርኩ። የማን ሐሙስ፣ ያንተ ወይስ የእኛ? የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ መማር መጀመሬን አልነገርኩህም፤ ያን ሰሞን የያዝነው ስለ ቀንና ሰዓት ነበር። መርከብህ የቆመችበት ወደብ ከእኛ በስንት ሰዓት እንደሚቀድም በጣቴ ቆጥሬ ቀነስኩ። ሐሙስህ እኛ ጋ ረቡዕ ማታ ሦስት ሰዓት ሆነ። ለአስተማሪዬ ሳሳየው ሳቀብኝ።

«ሰዓት በጣት አይቀነስም። አንዳንድ አገር እንደ ወቅቱ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋል። የወደቡን ስም ስጪው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላልሻል።»

ሰጠሁት። ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት አለኝ። አላመንኩትም፤ ደግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግሜ ሞከርኩ። ያው ሁለት ሰዓት። በጣቴ ተማምኜ ቢሆን ኖሮ ስትደውል እኔ ገና ታክሲ ውስጥ ነበርኩ።

ትናንት ማታ እየሮጥኩ ሆስፒታል ስገባ እማዬ ስልኩን ልታጠፋው ነው።

«እማ፣ ተይ! አሁን ይደውላል።»

«ሐሙስ ካለ ሐሙስ ነው። ልጄ ቀን ይጠፋዋል እንዴ? ባትሪው ለነገ ይቆይልኝ።»

ከእጇ ቀማኋት። «ምን ያለሽ ደፋር ነሽ!» እያለችኝ ሳለ ስልኩ ጠራ።

አንተ የሰማኸው «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ ብለህ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። «ይቅር በይኝ» ስትላት ለቅሶዋ እንዳይሰማህ አንሶላውን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ስትዘጋው ምን አለችኝ መሰለህ? «ድምፁ ወፍሯል፤ ደህና ይበላል ማለት ነው።» ከዚያ እንደ ሕፃን ተኛች። እኔ ነኝ ዓይኔ ያልተከደነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ሐኪሟ ወጣች። ዘልዬ ልወድቅባት ምንም አልቀረኝ። «በሰላም ወጥታለች» አለችኝ። «ግን ከአልጋ የሚያነሣት፣ ደረጃ የሚያወጣት ሰው ያስፈልጋታል።»

ወንድም ጋሼ፣ ብቻዬን አልችላትም። ደግሞም የምትፈልገው የኔን ክንድ አይደለም። ኮንትራትህ ሲያልቅ ሌላ መርከብ ላይ እንዳትፈርም። ቀኑንና ሰዓቱን አትጻፍልኝ፤ ዝም ብለህ መጥተህ በሩን አንኳኳ።

ዕረፍት ያጣችው ታናሽህ