የሐያት የመቆም ጉዳይ

ሰኞ

ለመላው የቤተሰቡ አባላት በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል፤ የፔርሙዙ ክዳን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የለም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢ እኔ፣ ጸሐፊም እኔ፣ ተጠርጣሪም እኔ።

ኮሚቴው አልጋ ሥር ተንበርክኮ ሳለ ልጄ ሐያት በሩ ላይ መጥታ ቆመች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሥረኛ ክፍል። ዩኒፎርም አልለበሰችም።

«እማ፣ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም።»

«ለምን?»

«ደደብ ነኛ። ሁሉም ያውቃል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።»

ሳቄ መጣ፤ ቶሎ ተመለሰ። የጎረቤት ሬዲዮ ፈትታ የገጠመች ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ግን እግሯ ይርገበገባል፣ እርሳሷ ይወድቃል፣ ደብተሯ ላይ የተጀመረ እንጂ ያለቀ ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ለስድስተኛ ጊዜ «ቁጭ በይ!» ሲሏት ጥላ ወጣች። ዩኒት ሊደሩ እስከ ዓርብ ወላጅ ካልቀረበ ስሟ ይሰረዛል ብሏል። አባቷ ማሾ ጭኖ አዲስ አበባ ወጥቷል። ስለዚህ ወላጅ ማለት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ። ሐያትን ለማምጣት የወጣ፦ አንድ ማንጎ ጭማቂ፣ ሁለት ልምምጥ፣ አንድ ማስፈራሪያ።

ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የአእምሮ ጤና ነርስ አለች፤ ሲስተር ምሕረት። የከተማችንን የሮቢትን ሙቀት ገና አልለመደችውም፤ በካርድ ታራግባለች።

እኔ ማዘጋጃ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ግምገማ የጻፈ ሰው ሐኪም ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም። ወረቀቴን ዘርግቼ አነበብኩ፦ «ጠንካራ ጎን፤ እጇ ብልህ ነው። ደካማ ጎን፤ አትሰማም፣ አትጨርስም፣ አትቀመጥም። የተወሰደ እርምጃ፤ ቁጣ፣ ምክር፣ ቁጣ።» ከዚያ ወደ ሐያት ዞሬ፣ «በይ ግለሂስሽን አቅርቢ» አልኳት።

ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላ በቀስታ አጠፈችው። «እትዬ ዘሀራ፣ እዚህ ማንም አይገመገምም።»

ግምገማ የሌለበት ስብሰባ! ወላሂ፣ በመንግሥት ቤት እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ጠየቀችን። ነገር ጀምራ ትተዋለች? ሰው ሲያወራ ሐሳቧ ይሄዳል? ዕቃ ይጠፋባታል? ሁሉንም እኔ መለስኩ፤ በምሳሌ አስደግፌ። ስጨርስ ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አሁን የነገሩኝ የሐያትን ነው የራስዎን?»

ሐያት ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ስሙ ረጅም ነው፦ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር። ሲስተር ያለችው «ምናልባት» ነው፤ መምህራኗን ጠይቃ፣ ደጋግማ አይታ ነው የምትወስነው። «ግን ተባለም አልተባለም፣ አንቺ ደደብ አይደለሽም» አለቻት። የሐያት እግር መርገብገቡን አቆመ። በዓይኔ አየሁ።

ረቡዕ

ትልልቅ ሰዎችም ላይ አለ ማለት ነው? ቀኑን ሙሉ ራሴን ስሰልል ዋልኩ። በጠዋቱ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ሐሳቤ የሄደባቸው ቦታዎች፦ አጣዬ ገበያ። የሰብሳቢው ካልሲ። ግመል ሲተኛ የትኛውን ጉልበቱን ያስቀድማል? ሐያት። ቃለ ጉባኤው ግን ተጽፏል። የሚባለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አለመስማቴ እስከ ዛሬ አልተነቃበትም።

ከሰዓት ሲስተር የምታወያየው፣ ይኸው ችግር ያለባቸው ሰዎች ቡድን ዘንድ ሄድን፤ ጎረምሳም ትልቅ ሰውም አለበት። የተጠራነው ለዘጠኝ ሰዓት ነው። አንዱ በስምንት መጣ፣ አንዷ በአሥር፣ እኛ በዘጠኝ ተኩል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ስብሰባ ሊካፈል መጣ።

«'ወራጅ' ሲሉኝ እሰማለሁ» አለ ሾፌሩ፤ «እግሬ ፍሬኑን ሲያገኝ ግን ሰውየው ቤቱን አልፏል። አሁን ገና ሲሳፈሩ 'ትከሻዬን ንኩኝ' እላለሁ። በቃ።»

ሐያት መንገዱን ሙሉ፣ «አያፍርም እንዴ? እማ፣ ምንም አያፍርም እኮ!» ስትል መጣች።

ሐሙስ

የሲስተር ትእዛዝ፦ ሐያት ስታጠና አጠገቧ ይቀመጡ። አይናገሩ፣ አይቆጡ፣ አያርሙ። ሩብ ሰዓት ብቻ። የራስዎን ሥራ ይያዙ።

እኔ! ዝም! ሦስት ወር የተኛ ቃለ ጉባኤ ነበረብኝ፤ እሱን ይዤ ተቀመጥኩ። ሐያት ፊዚክሷን ይዛ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። «ቁጭ—» ብዬ ቀሪውን ዋጥኩት። በአራተኛው ምልልስ ጮክ ብላ አነበበች። በሰባተኛው ጥያቄውን ሠራችው። እኔም አንድ ገጽ ጨረስኩ። ተያየን፤ ማን ይበልጥ እንደገረመው አላውቅም።

«ቆሜ ነው የሚገባኝ» አለች።

«ለመምህሩ አትነግሪውም ታዲያ?»

«ልነግረው ስነሳ ቁጭ በይ አለኛ!»

ዓርብ

ዩኒት ሊደሩ ቢሮ። ሐያት «አልናገርም» ብላ ተከተለችኝ።

«ከኋላ ቆማ ትማር፤ ማንንም አትጋርድ» አልኩ።

«እትዬ ዘሀራ፣ እንዲህ የሚል መመሪያ የለም።»

«አትቁም የሚልስ አለ?»

«እሱም የለም። ስለሌለ እኮ ነው የምፈራው።»

መዝገቤን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አጀንዳ አንድ፦ የሐያት የመቆም ጉዳይ። የተገኙ፦ ሦስት። ሰውየው ስብሰባ ላይ መሆኑ ሲገባው በዚያ ሙቀት ኮቱን ለበሰ። ሲስተር ጠዋት የጻፈችልኝን ደብዳቤ አነበብኩ፤ ለአንድ ወር እንዲሞከር ሐሳብ አቀረብኩ። ድምፅ ተሰጠ። እኔ እጄን አወጣሁ፤ ሐያትም አወጣች። እሱ አላወጣም።

«በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ስጽፍ ብድግ አለ።

«ኧረ በአላህ! አብላጫ ካሉማ ማነው የተለየው ብለው በላይ ያሉት ይጠይቁኛል። በሙሉ ድምፅ ይበሉት!»

ፈረመ። ማኅተምም መታ። ሐያት ግን እስከ ቤት ጠጠር እየመታች ቀድማኝ ሄደች። ወረቀቱ አለ፤ ልጅቷ ትሂድ አትሂድ አላውቅም።

ሰኞ፣ በሳምንቱ

ሳልቀሰቅሳት ተነሳች። ዩኒፎርም። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለች። «ለዛሬ» አልኩ።

ሄደች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተበረገደ።

«ተውሽው?»

«እስክሪብቶ ረሳሁ!»

እየሮጠች ወጣች። አሁን አምስት ሰዓት ነው፤ አልተመለሰችም። ስብሰባ ላይ ነኝ፤ የሚባለውን አልሰማሁም።

ማረሚያ፦ በዓርብ ማስታወሻ ላይ «ሐያትም አወጣች» ተብሎ የሰፈረው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ በሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ። እጇን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ክርኗን ከሥር ገፍቼ። ዛሬ ማንም አልገፋትም።