የምታነክሰው ማሽን

ውድ ልጄ፣

ካሴትሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናትሽ አይደለችም።

ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ሰላምታዬን ላድርስ። ሰላምታውን ባስቀድም ኖሮ እንደ ልማዴ ስለ ጤና አውርቼ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ወረቀቱ ያልቅብኝ ነበር። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ለባለፈው ቅዳሜ ዝግጅት ስትጋብዢኝ “አባዬ፣ ፕሮዲዩሰሮችና ዲጄዎች አጀማመራችንን የምናወራበት ነው፤ በቀን ነው፣ አትፍራ” ብለሽኝ ስለነበር ሱፌን ለብሼ መጣሁ። በር ላይ የቆመችው ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አየችኝና “አባባ፣ ሠርጉ የሚቀጥለው አዳራሽ ነው” አለችኝ።

“የለም፣ እኔ የዲጄዋ አባት ነኝ” አልኳት።

ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እስከ ዛሬ “ልጄ በኮምፒውተር ትሠራለች” ነበር የምለው። እውነት ነው፣ ውሸት አልተናገርኩም፤ ግን አንገቴን ደፍቼ ነበር የምለው። ጥበቃዋ “ታዲያ ምነው እስካሁን ዝም አሉ! ይግቡ፣ ይግቡ!” ብላ ክንዴን ይዛ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ወሰደችኝ። አንገቴን እንዴት እንዳቃናሁት ባየሽ!

መድረኩ ላይ ከአንቺ ጋር የተቀመጠው ባለኮፍያ ልጅ በአጎቱ ኮምፒውተር ተደብቆ እንደጀመረ ተናገረ። ሌላዋ በሁለት ራዲዮ ጣቢያ መካከል ያለውን ጩኸት እየሰማች ማደጓን አወራች። እኔ ደግሞ በልቤ “የሰው ልጅ ስንት ዓይነት ነው” እያልኩ እሰማለሁ። ከዚያ ጠያቂው ወደ አንቺ ዞሮ “ያንቺ ምት አራተኛዋ ላይ ለምን ትዘገያለች? ሰው ሁሉ እግሩ እየተሳሳተ ነው እኮ!” አለሽ።

“የአባቴ ማሽን ታነክስ ነበር” አልሽ።

ልጄ፣ ማተሚያ ቤት ስሠራባት ስለኖርኳት ማሽን ነበር የምታወሪው። ወረቀቱን ስታነሳ አንድ፣ ስታስገባ ሁለት፣ ስታትም ሦስት፣ ስትለቅ አራት። ጊሯ ጥርሱ ስላለቀ አራተኛዋ ሁልጊዜ ትዘገያለች። እኔ ጆሮዬ ደንዝዞ የማልሰማውን አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የተዋስሽውን ቴፕ ይዘሽ እዚያ መጥተሽ ቀዳሽው። ቤት ገብተሽ አንዱን ቴፕ እያጫወትሽ፣ የድስት ክዳንና የክብሪት ቀፎ እየመታሽበት በሌላው ቴፕ ቀዳሽ። የመጀመሪያ ሥራሽ እሱ ነበር። እንዴት እንደሠራሽውና ለአንቺ ምን እንደነበር ለሕዝብ ስትናገሪ ነው እኔ የሰማሁት።

ቀጥለሽ “እናቴ ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባዶ መስሏት ስብከት ቀዳችበት። የመጀመሪያው ትራኬ በስብከት ተቀበረ!” አልሽ። አዳራሹ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ፤ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። “መጨረሻው ላይ ግን ስብከቱ ያልደረሰባት ቅንጣት ቀርታ ነበር። እሷን ብቻ እየመለስኩ እየደጋገምኩ ሳዳምጥ ነው ሙዚቃ መሥራት የተማርኩት” ብለሽ ጨረስሽ።

እናትሽ ላይ ሳቁ፣ ልጄ። በኔ ጥፋት በእናትሽ ላይ ሳቁ።

ጠያቂው “አባት እዚህ አሉ ተብሏል” ሲል ማይክሮፎኑ እጄ ገባ። ተነሣሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። “እኔ…” አልኩ፤ “እኔ… እግዚአብሔር ይባርካችሁ” ብዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጭብጨባ የለም።

ከዚያ አንቺ መጫወት ጀመርሽ። ድምፁ በጫማዬ ሶል በኩል መጣ። ሰዉ አራተኛዋ ላይ እየቀደመ ሲረግጥ የኔ እግር፣ ሳላዘው፣ ጠብቆ ይረግጣል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጎንበስ ብላ አይታ “አባባ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ያልተሳሳቱት!” አለችኝ። እንዴት ልሳሳት? ስንት ዓመት እንጀራዬን የበላሁበት ምት ነው። ያ ሁሉ ወጣት እጁን ያነሳው የኔ ማሽን ስታነክስ ነው! ኮራሁብሽ። ለማንም አልደብቀውም፣ ኮራሁ።

አሁን ካሴቱ እንዴት እንደጠፋ ልንገርሽ። የዚያን ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሰባኪ ትምህርቱን አልጋ ላይ ለዋሉ ሕሙማን እንድቀዳላቸው አዞኝ ነበር። ባዶ ካሴት አጣሁ፣ ሱቁ ተዘግቷል። ያንቺን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጠርዙ ላይ ያሉት ሁለቱ የፕላስቲክ ምላሶች ተሰብረዋል። ምላሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ሌላ ነገር አይቀዳም፤ የሰበረው ሰው “አትንኩብኝ” ማለቱ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ከፍቼም ሰማሁት። “ቀን ሙሉ ስትጮህብኝ የዋለች ማሽን ደግሞ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች?” ብዬ ተናደድኩ። ወረቀት አጣጥፌ ምላሱ የነበረበትን ቀዳዳ ደፈንኩና ስብከቱን ቀዳሁበት። ባዶ መስሎኝ አይደለም። የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ንቄው ነው። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ዛሬ ብትጠይቂኝ አላስታውስም።

አንቺ እያለቀስሽ ስትመጪ አፌን ልከፍት ስል እናትሽ ከጓዳ ብቅ አለች። ፊቴን አየችው። “እኔ ነኝ፣ የኔ እናት፣ ባዶ መስሎኝ” አለችሽ። ስትተኚ “ለምን እንዲህ አልሽ?” አልኳት።

“እኔን ብትቆጣ ነገ ይለቃታል። አንተን ካኮረፈች ግን አመት አትመለስም፤ ግትርነቷ ያንተ ነው” ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላ “ሲመችህ ግን አንተው ትነግራታለህ” አለች።

እስክትሞት አልተመቸኝም። ስጸልይ ስለ ሌላው ኃጢአቴ አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ “አንተ ታውቀዋለህ” ብዬ አልፋለሁ። እሱማ ያውቃል። የማታውቂው አንቺ ነሽ።

ከሞተች በኋላም “ከዚያች ቅንጣት አይደል ሙዚቃው የወጣው? ለበጎ ሆነ” ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ለበጎ ማድረጉ የፈጣሪ ሥራ ነው። ማጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የለብኝም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ያችን ስብከቱን የቀዳሁባትን ቴፕና አንድ ባዶ ካሴት አንጠልጥዬ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ቀለሙ የምንለው ጓደኛዬ፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ የማያውቀው፣ አሁንም እዚያው ነው። ማሽኗ ጥግ ላይ አለች፤ ካርቶን ብቻ ያጥፉባታል። አስነሣልኝ። ብትሰሚያት ታለቅሺ ነበር፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች!

“ምን አደረጋችኋት?”

“ጡረታ በወጣህ ማግስት ጊሯን ቀየርንላት። አሁን እንደ ወታደር ነው የምትራመደው።”

“አሮጌው ጊር የት ደረሰ?”

“ያው፣ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው ላዩ ላይ ተቀምጦልሃል።”

“መልሰህ ግጠምልኝ።”

ቀለሙ መነጽሩን አወለቀ። “ጤነኛ ነህ አንተ ሰውዬ? የዳነውን መልሶ የሚያሳምም ሐኪም የት አይተሃል?”

“ለምሳ ሰዓት ብቻ። ልጄ ስታነክስ ነው የምትወዳት።”

“ለዲጄዋ ነው? ታዲያ እሱን አስቀድመህ አትናገርም!” ብሎ መፍቻውን አነሣ። “ግን ስሜ ይጠራ!”

ሁለት ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተጋድመን፣ እሱ እየተሳደበ እኔ ፋኖስ እየያዝኩ፣ ደህናዋን ማሽን አሳመምናት። ስትነሣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ትንሽ ቆየችና፣ አራት። ቀለሙ ጭኑን መታና “እሷ ራሷ!” አለ። በካሴቱ ላይ ትሰሚዋለሽ፤ ሳሉም የሱ ነው።

ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ማሽኗን አስቆምኩ። ቀለሙ እንዲወጣልኝ ልለምነው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት፤ ምስክር ይሁን። ወደ ቴፑ ጎንበስ ብዬ “ካሴቱን ያጠፋሁት እኔ አባቷ ነኝ። ባዶ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እናቷ ጥፋቴን ተሸክማልኝ ነው የሄደችው” አልኩ። ቀለሙ ጨርቁን አንሥቶ አስቀድሞ የጠረገውን እጁን እንደገና መጥረግ ያዘ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሌላ ቀን ስለ አጀማመርሽ ሲጠይቁሽ የኔን ማሽን ከጠራሽ ይበቃኛል። ሲስቁ ግን በኔ ይሳቁ። የእናትሽን ስም አንሺላት፤ ካሴቱን ያጠፋችው ሳትሆን ልጇ አባቷን እንዳታኮርፍ ጥፋቱን የወሰደችው ሆና። ብታኮርፊኝም አመቱን እጠብቃለሁ። ግትርነቱ የኔ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ካሴቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ቀዳዳውን በወረቀት የሚደፍነው ሰው ዛሬ እጁን ስለሰጠ ከእንግዲህ ማንም አይቀዳበትም። ፖስታውን ከመለጠፌ በፊት የቀለሙን ወረቀት መቁረጫ ተዋስኩና የካሴቱን ሁለቱንም ምላሶች ሰበርኳቸው።

የዲጄዋ አባት