በነጭ ጨርቅ የተጠለፈው የመምህር ደበሳይ ኣባዲ ጥያቄ

መምህር ደበሳይ ኣባዲ በ1966 ዓ.ም. ለእናታቸው የገዙትን ነጠላ፣ ጥራቮሎ የሚባለውን የጨርቅ ጥልፍ ለሚሠሩ ጠላፊ ሲሰጡ፣ አንድ ባለ ነጥብ ወረቀት ሳያውቁት አብሮ ሄደ። ጠላፊዋ ወይዘሪት ለተገብርኤል በራኺ ንድፍ መሰላቸውና ነጥቦቹን በየመጠናቸው ጠለፏቸው። መምህሩ ሲመለሱ ያገኙት ያዘዙትን መስቀል ሳይሆን የሁለት ዓመት ስሌታቸውን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ።

መምህር ደበሳይ ከአባታቸው ከአቶ ኣባዲ ወልደትንሣኤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተሰንበት ክፍሉ በ1932 ዓ.ም. አስመራ፣ ጎዳይፍ ሠፈር ተወለዱ። የመብራት መስመር ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው፣ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ “እኔ የማውቀው ምሰሶውን ነው” ይሉ ነበር። ልጃቸው በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛውን በሕንድ አገር አግኝተው ከ1962 ጀምሮ አስመራ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው። ሥርዓት በሌለው፣ ቦታው ሁሉ በተዘበራረቀ ቁስ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ይሰራጫል ወይስ ባለበት ይቀራል? ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ በብዙ ቦታ የመገኘት ዕድል አለው። በተዘበራረቀ ቁስ ውስጥ ግን ሞገዱ በየአቅጣጫው እየተመለሰ ራሱን ያስራል። ነጠላው ላይ የታየው ይኸው ነበር። የነጥቡ መጠን ኤሌክትሮኑ በዚያ ቦታ የመገኘት ዕድሉን፣ እያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ አንድ የጊዜ እርምጃን ያሳያል፤ በስምንት ቦታዎች፣ አርባ ረድፍ ድረስ፣ ትልቁ ነጥብ ከመካከል አልተነቃነቀም።

ወይዘሮ ለተገብርኤል ይህን ከተረዱ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ “ብቻውን ስለሆነ ይሆን?” ብለው ጠየቁ። መምህሩ ምሳቸውን ትተው ተነሡ። እርስ በርስ የሚገፋፉ ሁለት ኤሌክትሮኖች በስምንቱ ቦታዎች የሚቀመጡባቸው መንገዶች ሃያ ስምንት ናቸው። አንዱን ረድፍ በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን ለመጨረስ አራት ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ያለቀውን ረድፍ ባለቤታቸው በሌላ ነጭ ጨርቅ ላይ ይጠልፉት ነበር። ባልደረባቸው አቶ ጋሻው “ደበሳይ፣ ልብስ ሰፊ ሆንክ እንዴ?” እያሉ ቢቀልዱም፣ አዲስ ረድፍ በወጣ ቁጥር ለማየት ይመጡ ነበር። ነጥቦቹ ከዓመት ዓመት፣ ዓይን ልብ በማይለው ዝግታ፣ ወደ ዳር ሄዱ። መምህር ደበሳይ ጣታቸውን በጨርቁ ላይ እያስኬዱ ነጥቦቹን ይከተሉ ነበር።

በ1981 መጨረሻ ኩላሊታቸውን ሲታመሙ ሠላሳ ዘጠኝ ረድፍ አልቆ ነበር። የቀራቸው ምኞት አርባኛውን ማየት ብቻ ሆነ። ማሽኑን ማዞር ሲያቅታቸው፣ በአያቷ ስም የተጠራችውና በትምህርት ቤቷ በሒሳብ ጎበዝ የሆነችው ልጃቸው ለተሰንበት ቀጠለችው። ከየካቲት ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት የከተማው መብራት ቢጠፋም ማሽኑ መብራት አይፈልግም። በሚያዝያ መጀመሪያ ወረቀቱን አልጋቸው ድረስ ወሰደችላቸው። እስከዚያ ባዶ በነበረው በስምንተኛው ቦታ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ነጥብ ነበረች።

“አረጋግጠሻል?” አሏት።

“ሦስት ጊዜ፣ አባዬ።”

ብዙ ካዩት በኋላ “በስምንት ቦታ ያየሁትን ለዓለም ሁሉ አልናገርም። ግን ወጥቷል” አሉ። ሚያዝያ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ሌላ እናታቸው በሕይወት አሉ። ያንን ሁሉ ረቂቅ ነገር የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ይቀበልልን።

ወይዘሮ ለተገብርኤል አርባኛውን ረድፍ ዛሬ ጠዋት ጠልፈው ጨረሱ፤ በመምህሩ የአስከሬን ሣጥን ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ያ ነው።