አማቴ በስሜ ጠሩኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሚዛን ተፈሪ

ዛሬ አማቴ፣ የአስቴር አባት፣ አራስ ልጃችንን ለማየት ከሸዋ ቤንች መጡ። ልቀበላቸው መናኸሪያ የሄድኩት ፈራ ተባ እያልኩ ነው። አስቴርን ካገባኋት ጀምሮ አንድም ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ገቢዎች ስለምሠራ "ቀራጩ" ነው የሚሉኝ። ስልክ ሲደውሉላትም "ቀራጩ ደህና ነው?" ይሏታል። ቡና የሚያለማ ሰው ግብር ሰብሳቢ አይወድም፤ አልፈርድባቸውም።

ከሚኒባሱ ወርደው በግርግሩ መሀል አጡኝ። ከዚያ "ማቴዎስ!" ብለው ተጣሩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ዞረ፤ ሙዝ የሚሸጠው ሰውዬም "አቤት!" አለ። እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ።

"እናንተን አይደለም፤ የእኔን ማቴዎስ ነው" አሏቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

ያመጡትን ማርና ኮረሪማ ተቀብዬ ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጥን አላስቻለኝም። "አባባ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?" አልኳቸው።

"ወንጌል የጻፈው ማቴዎስም ቀራጭ ነበር። ጌታ አልናቀውም፤ እኔ ማነኝ?" አሉና፣ "ደግሞ አሁን የልጅ ልጄ አባት ነህ" አሉኝ።

አስቴር አልጋዋ ላይ ሆና ሕፃኗን አሳቀፈቻቸው። ወደ ሳሎን ሲወጡ ጠብቃ "አባዬ መንገድ ላይ ምን አለህ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"በስሜ ጠሩኝ" አልኳት። እንዳይሰሟት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

ይህን ስጽፍ ልጅቷን በቤንችኛ እያጫወቷት ነው። ነገስ ምን ብለው ይጠሩኝ ይሆን? እንጃ። የዛሬውን ግን መናኸሪያው ሁሉ ሰምቷል።